የሴንቶስ 7 ፓኬጆች ዛሬ የት ይገኛሉ?

ዛሬ ሴንቶስ 7 ከተባለው የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውጪ በሌላ ሲስተም ላይ የማይሠራ አንድ የቆየ የሂሳብ ሶፍትዌር ለማስቀመጥ አዲስ ቨርቹዋል ማሽን ሳዘጋጅ ዋልኩ። ሲስተሙ ራሱ ያለ እንከን ተጫነ፤ የመጀመሪያውን ፓኬጅ (የሚጫን የሶፍትዌር ጥቅል) እንዲያመጣ የፓኬጅ መጫኛ ፕሮግራሙን «ያም»ን ሳዝዘው ግን ሚረርሊስት ዶት ሴንቶስ ዶት ኦርግ የተባለውን አድራሻ ማግኘት እንዳልቻለ ገልጾ ቆመ። እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ማንም ሰው አስቀድሞ ዲኤንኤሱን (ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት) እና ፋየርዎሉን ይጠረጥራል። ይሁን እንጂ ከዚያው ማሽን የጠየቅኳቸው ሌሎች አድራሻዎች ሁሉ ይመልሱ ስለነበር፣ ችግሩ የኛ ኔትወርክ እንዳልሆነ ግልጽ ነበር።

የሴንቶስ 7 ድጋፍ ያበቃው ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለየሰርቨሩ የሚቀርበውን ሚረር (የፓኬጆቹ ቅጂ ያለበትን ሰርቨር) እየመረጠ ይሰጥ የነበረው አገልግሎትም ከዚያ በኋላ ተዘግቷል። ፓኬጆቹ ግን አልጠፉም፤ ቮልት ዶት ሴንቶስ ዶት ኦርግ በተባለው ማኅደር ውስጥ፣ እስከ መጨረሻው 7.9.2009 እትም ድረስ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ያም ፓኬጅ የሚያመጣባቸው አድራሻዎች በተጻፉባቸው የሪፖ ፋይሎች ውስጥ በሚረርሊስት መስመሮች ፊት መስመሩን ከሥራ ውጪ የሚያደርገውን የ# ምልክት ጨመርኩ፣ ቀጥተኛውን አድራሻ ከያዙት የቤዝዩአርኤል መስመሮች ፊት ያለውን # አነሳሁ፣ በአድራሻው ውስጥ «ሚረር» የሚለውንም በ«ቮልት» ተካሁ። ካሹን (ያም ቀድሞ ያስቀመጠውን መረጃ) አጽድቼ ትእዛዙን ስደግመው ፓኬጁ ወረደ። ተጨማሪ ፓኬጆችን የያዘው ኤፔል የተባለው ሪፖ በፌዶራ ፕሮጀክት ሥር ስለሆነ የእሱን አድራሻ ለብቻው ወደ ፌዶራ ማኅደር ማዞር ያስፈልጋል።

ከአድራሻው ይልቅ ያሳሰበኝ፣ ብዙ ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥማቸው ጂፒጂቼክ የተባለውን ቅንብር ዜሮ አድርገው የፓኬጆቹን ዲጂታል ፊርማ ማረጋገጫ መዝጋታቸው ነው። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። በቆዩ ማሽኖች ላይ ያሉት፣ የድረ ገጾችን ማንነት ለማረጋገጥ የሚያገለግሉ የሰርተፊኬት ዝርዝሮች ያረጁ በመሆናቸው፣ በተለይም ዲኤስቲ ሩት ሲኤ ኤክስ3 የተባለው ሰርተፊኬት መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ጊዜው ካለፈ ወዲህ፣ በተመሰጠረው ኤችቲቲፒኤስ መገናኘት ብዙ ጊዜ ስለሚከሽፍ ሰው ወዳልተመሰጠረው ተራ ኤችቲቲፒ ይመለሳል። በዚያ መንገድ የመጣ ፓኬጅ በመሀል ሌላ እጅ እንዳልነካው የሚመሰክረው ፊርማው ብቻ ነው፤ ፊርማውን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ቁልፍ ደግሞ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ተጭኖ በማሽኑ ውስጥ ይገኛል። ዴቢያን በተባለው ሌላ የሊኑክስ ሲስተም ላይም ተመሳሳይ ፈተና አለ፤ ወደ ማኅደር የተዛወሩ እትሞች የሪፖውን ይዘት የሚገልጸው የሪሊዝ ፋይላቸው ጊዜ አልፎ ሲገኝ፣ የቀኑን ቁጥጥር ብቻ ማንሳት እየተቻለ ፊርማውንም ጨምሮ የሚዘጋ አለ።

ማኅደሩ ፓኬጅ ይሰጣል እንጂ አዲስ የደኅንነት ማስተካከያ አይጨምርም። በዚህ ምክንያት ማሽኑ ከኢንተርኔት በቀጥታ እንዳይደረስበት ዘግቼ፣ ከሂሳብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ብቻ እንዲገባበት አድርጌያለሁ። ነገ የሚያስፈልጉንን ሪፖዎች ሪፖሲንክ በተባለው የመገልበጫ ፕሮግራም ወደ ቢሮው ሰርቨር እገለብጣለሁ፤ ቀጣዩ ጭነት ፓኬጁን ከዚያ ይወስዳል።