የኑግ ዘይት ላረጋ ብዬ ያየሁት

ደሴ ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ የሚረጋውን ዘይት ኮምቦልቻ ላይ ፈሳሹን ትገዛና ሀረጎን ወጥተህ ቤት ስታሳድረው ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይጠብቅሃል። ሰፈር ውስጥ "ኬሚካል ጨምረውበት ነው" ይባላል፣ እኔም ኬሚካል ኢንጂነሪንግ እየተማርኩ እንኳ እንደዛ ነበር የሚመስለኝ። ያ ዘይት ግን ፓልም ነው፣ በተፈጥሮው ነው የሚረጋው፣ ፓልሚቲክ አሲድ የሚባለው ቶሎ የሚረጋ የስብ አሲድ ስለሚበዛበት። በሃይድሮጅን የሚረጋው ሌላ ነው፣ እሱን ነው በኑግ ዘይት ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የሞከርኩት።

ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ኑግ አብዛኛው ሊኖሌይክ የሚባል የስብ አሲድ ነው፣ ሁለት ድርብ ቦንድ (ሃይድሮጅን ሊገባበት የሚችል የካርቦን ትስስር) ስላለው በረዶ ላይ እንኳ ይፈሳል። ሪአክሽኑን የሚያፋጥነው ኒኬል ላይ ሃይድሮጅን ሰጥተህ ሁለቱንም ከዘጋሃቸው ስቴሪክ አሲድ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ 69 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይቀልጥም። ጀርመናዊው ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1902 ፓተንት ያስያዘው ነገር ነው።

ዘይቱን ከመጭመቂያ ቤት ትኩሱን አመጣሁ። ግማሽ ሊትር፣ 180 ዲግሪ፣ 3 ባር ሃይድሮጅን፣ ኒኬሉ አየር እንዳያገኘው በደረቅ ስብ ተለብጦ ነው የሚመጣው እሱን ጨመርኩና ጌጁ ላይ አፈጠጥኩ። ዘይቱ ሃይድሮጅኑን ከወሰደ ግፊቱ መውረድ አለበት። አርባ ደቂቃ ወላሂ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም፣ ቢያፈስ እንኳ ይወርድ ነበር እኮ! ኒኬል ደገምኩ፣ ያው ነው።

ለካ ጥፋቱ የዘይቱ ነው። ያልተጣራ ዘይት ውስጥ ያለው ሙጫ፣ ፎስፎሊፒድ የሚሉት፣ ኒኬሉ ላይ ተለጥፎ ያፍነዋል። የላብ አሲስታንቱ "አንተ ቡናውን ሳታጥብ ነው እንዴ የምትቆላው?" ብሎ ሳቀብኝ። ከዛ ሙጫውን በፎስፎሪክ አሲድና በሙቅ ውሃ፣ ነፃ አሲዱን በኮስቲክ ሶዳ አወጣሁ፣ በክሌይ አነጣሁት፣ በቫክዩም አደረቅሁት፣ ሁለት ቀን በላኝ። ሁለተኛው ሙከራ ላይ መርፌዋ ወዲያው መውረድ ጀመረች፣ ሂተሩን ባጠፋውም ሙቀቱ ይወጣል፣ ሪአክሽኑ ራሱ ያሞቃል፣ አዮዲን ቫልዩው (የቀሩት ድርብ ቦንዶች መለኪያ) አንድ በወረደ ቁጥር 1.6 ዲግሪ ገደማ። የማቀዝቀዣ ውሃውን ቀድሜ ማዘጋጀት ነበረብኝ፣ ሮጬ ነው የከፈትኩት።

አጣርቼ ሳቀዘቅዘው ነጭ ሆኖ ረጋ። በብልቃጥ ይዤ ቤት ስገባ እማ ጣቷን ልትነክር ስትል ነጠቅኳት፣ ኒኬል ሊቀርበት ይችላል። "ለዚህ ነው አምስት ዓመት? ይሄማ ሱቅ ሞልቷል" አለችኝ።

ዲፌንስ ላይ ግን ፈታኙ "ትራንሱ ስንት ነው?" ሲለኝ ደረቅኩ፣ መለኪያውም አልነበረንም። ሙቀት ከፍ፣ ግፊት ዝቅ ሲል ሃይድሮጅኑ ኒኬሉ ላይ ያጥራል፣ ድርብ ቦንዱ ሳይዘጋ ቅርፁ ዞሮ ትራንስ የሚባለው ስብ ሆኖ ይቀራል። አንድ ድርብ ቦንድ ብቻ ያለው ኦሌይክ አሲድ 13 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ትራንሱ ወንድሙ ኢላይዲክ 45 አካባቢ፣ ስለዚህ ያ ያኮራኝ መርጋት ከፊሉ የልብ ጠላት ከሆነው ትራንስ የመጣ ነው። እንደገና ብሠራው 120 ዲግሪ ላይ ግፊቱን ከፍ አድርጌ ነው፣ ቢዘገይም ትራንሱ ይቀንሳል።