አባዬ በዱላው የለካው ጠመንጃ

ቅዳሜ ማታ ወንድሜ ደወለ። እሱ ጋ ገና ጠዋት ነው። የሚኖረው ኮሎራዶ ነው፣ ዴንቨር አጠገብ። እኔ ሽሮ ጥጄ ነበር። አባዬ ባናውን ደርቦ ከሰሉ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ነው።

«አባዬን ስጪኝ» አለ ወንድሜ። «ጠመንጃ ልገዛ ነው። ላማክረው።»

ስልኩን ሳልሰጠው ትንሽ ቆየሁ። በዚህ ጊዜ፣ በእኛ አካባቢ፣ ጠመንጃ የሚለው ቃል ከበድ ይላል። ተኩስ ስንሰማ መጀመሪያ የምንጠይቀው ልጆቹ የት ናቸው ብለን ነው። ይህን ማስታወሻም ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ሁለት ቀን አመንትቻለሁ። የጻፍኩት ለአባዬ ብዬ ነው። እንደዚያ ማታ ተነቃቅቶ ካየሁት ቆይቻለሁ።

የወንድሜ ጥያቄ አጭር ነው። አንድ ጠመንጃ ብቻ ነው የሚገዛው። በመከር ወራት አጋዘንና ኤልክ የሚባለውን ትልቁን የአጋዘን ዘመድ ያድንበታል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ወረቀት ላይ ኢላማ ይተኩስበታል። ለሁሉም የሚሆን አንድ። የሥራ ጓደኞቹ «300 ዊንቸስተር ማግነም ግዛ፣ ኤልክ ትልቅ ነው» ብለውታል። ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ማለታቸው ነው።

አባዬ የመንዝ ሰው ነው። ቤልጅግ ነበረው። ቤልጅግ ለማታውቁ፣ ቤልጅየም አገር ኤፍ ኤን ፋብሪካ የተሠራ መውዜር ነው። ጥይቱ 7.92 ሚሊ ሜትር፣ አምስት ይጎርሳል፣ ክብደቱ 4 ኪሎ ገደማ። ከአያቴ ነው የወረሰው። ከአያቴ በፊት በቤታችን የነበረው ውጅግራ ነው ይባላል። ያ የፈረንሳዮቹ የ1874 ጠመንጃ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ አንድ እያጎረሱ የሚተኩሱበት። አባዬ በጎረምሳነቱ ቤልጅጉን አንግቶ ወደ ይፋት ቆላ ይወርድ ነበር። አጎቱ ማሽላ ላይ ከርከሮ እየገባ ያስቸግረው ነበርና ሌሊት ማሳ ይጠብቁ ነበር።

ቤልጅጉ ዛሬ የለም። በ2008 ዓ.ም. ወንድሜ ዲቪ ሲደርሰው አባዬ ሸጠው። ለሕክምና ምርመራው፣ ለቪዛው፣ ለአውሮፕላን ትኬቱ ነበር። ወንድሜ ይህን ያውቃል። «ላማክረው» ሲል ድምፁ የቀጠነው ለዚህ ይመስለኛል።

አባዬ ስለ ጥይቱ አልጠየቀም። ስለ ዋጋውም አልጠየቀም። «ስትተኩስ አሳየኝ» አለው።

ወንድሜ ባለፈው ሳምንት የጓደኛውን ማግነም ሞክሮ ነበር። ቪዲዮውን ላከልን። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጆሮውን ሸፍኖ፣ ያነጣጥራል። ይተኩሳል። ትከሻው ወደ ኋላ ይሄዳል። እኔ ምንም አልታየኝም። አባዬ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። በሦስተኛው ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ።

«ዓይኑን እይው። ጠመንጃው ሳይጮህ ልጄ ደነገጠ።»

እውነቱን ነው። ቀስ አድርጌ ሳየው፣ ድምፁ ከመሰማቱ በፊት ዓይኑ ተጨፍኗል፣ ትከሻውም ሸሽቷል። ሰው የሚመታውን ምት አስቀድሞ ሲጠብቅ ሰውነቱ እንዲህ ያደርጋል። ምላጩን ቀስ ብሎ በመሳብ ፋንታ ይመነጭቀዋል። አፈሙዙ ዝቅ ይላል፣ ጥይቷም ዝቅ ብላ ትገባለች። ተኳሹ ጠመንጃውን ያማል። ጠመንጃው ላይ ያለውን መነጽር ያማል። በመጨረሻ የበለጠ ኃይለኛ ጠመንጃ ይገዛና ነገሩ ይብስበታል።

ማግነሙ ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ምት ከ308 በግማሽ ያህል ይበልጣል። 308 የምንለው ዊንቸስተር በ1952 ገበያ ላይ ያወጣው ጥይት ነው፤ የኔቶ 7.62 በ51 ወንድም። እኔ ከዚያ ማታ በኋላ ስለዚህ ነገር ብዙ አነበብኩ። ለጠመንጃ ፍቅር አልነበረኝም። ወንድሜን ነው ያሰብኩት። ኮሎራዶ ለኤልክ የሚፈቅደው ዝቅተኛው የጥይት ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ነው። እርሳሱ፣ ማለትም ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚበረው የጥይቷ ጫፍ፣ ቢያንስ 85 ግሬን፣ ማለትም 5.5 ግራም ገደማ፣ መመዘን አለበት። 100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) ላይ ሲደርስም 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበት ሊኖረው ይገባል። 308 እዚያ ርቀት ላይ ከዚህ እጥፍ በላይ ይዞ ይደርሳል። ታዲያ ማግነሙ ለምን አስፈለገ? በጣም ሩቅ ለመተኮስ። በጣም ሩቅ የሚተኩስ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ዓይኑን መክፈት አለበት።

ለአባዬ ይህን ሁሉ ቁጥር ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማኝ። ሐሙስ ማታ ወንድሜ እንደገና ሲደውል አንድ ነገር ጠየቀው።

«አንዷ ጥይት ስንት ናት? ሳታዝን ስንት መተኮስ ትችላለህ?»

ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አባዬ ቆላ ሲወርድ ሦስት ጥይት ይዞ ነው። ሦስቷም በሻሽ ተጠቅልላ። በሦስት ጥይት ኢላማ አይለመድም። ስለዚህ ያለ ጥይት ነው የለመደው። ባዶውን ጠመንጃ አቀባብሎ፣ አፈሙዙ ላይ ሳንቲም ያስቀምጣል። ምላጩን ይስባል። ሳንቲሙ ከወደቀ፣ መንጭቆታል ማለት ነው። ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ። ከቤታችን ጓሮ፣ ድንጋይ ላይ ተደግፎ፣ ያቺን ሳንቲም ሳይጥል እየደጋገመ። እናቴ «ደግሞ ጀመረው» ትል ነበር።

የማግነሙ ጥይት ውድ ነው። ውድ ጥይት ያለው ሰው በዓመት አንድ ሳጥን ይገዛል። በመስከረም አምስት ይተኩስና «ተስተካክሏል» ብሎ ወደ ጫካ ይሄዳል። 308 ግን የትም ሱቅ አለ፣ ለመለማመጃም ረከስ ያለው ይገኛል። እኔ 6.5 ክሪድሙር የሚባለው ጥይት ይሻላል ብዬ ተከራክሬ ነበር። ሆርናዲ የተባለው ጥይት አምራች በ2007 ያወጣው ነው። ምቱ ይቀላል፣ ነፋስም ብዙ አይወስደውም። ለኢላማ ከመረጥን አሁንም እሱን ነው የምለው። 30-06 ደግሞ ከ1906 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው። ከባድ እርሳስ በደንብ ይገፋል፤ ግን ጥይቱ ረዘም ይላል፣ ምቱም ትንሽ ይጨምራል። ከሦስቱ የትኛውም ኤልክ ይጥላል። ወንድሜ ግን ጓደኞቹ ሁለቱ 308 ስላላቸው፣ ጥይት ቢያልቅበት እንኳ ይበደራል። ለእኔ ክርክሩን የዘጋው ይህ ነው።

ክብደቱን በአጭሩ ጨረስነው። ለኢላማ ከባድ ይመቻል፣ ቶሎ አይነቃነቅም። ለአደን ቀላል ይመረጣል፣ ዳገት አለ። ወንድሜ የሚያድንበት ተራራ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። «ደብረ ብርሃን ማለት ነዋ» አለ አባዬ፣ ደስ ብሎት። ከመነጽሩ ጋር 4 ኪሎ እንዳይበልጥ ተባለ። መነጽሩም ከሦስት እስከ ዘጠኝ እጥፍ የሚያጎላው ተራው ይበቃል።

ቀጥሎ የመጣውን ነው ልረሳው የማልችለው።

ወንድሜ «ሱቁ ውስጥ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፣ የትኛው እንደሚስማማኝ በምን አውቃለሁ?» አለ። አባዬ ተነሳ። ባናው ከትከሻው ወደቀ። በሩ ጥግ የቆመችውን የወይራ ዱላውን አነሳ። «ስልኩን ወደዚህ አዙሪው» አለኝ።

ክንዱን ክርኑ ላይ አጠፈ። የዱላውን ወፍራም ጫፍ እጥፋቱ ውስጥ፣ ጡንቻው ላይ አስደገፈ። ዱላው በክንዱ ላይ ተጋደመ። ከዚያ ሌባ ጣቱን ዘረጋ። ጣቱ ዱላው ላይ የሆነች ጉጥ ነካች። የመጀመሪያው አንጓ ልክ እሷ ላይ አረፈ።

«ሰደፉ እዚህ፣ ምላጩ እዚህ። ጣትህ ሳይንጠራራ ከደረሰ የአንተ ነው። ካልደረሰ ረዝሞብሃል። ካለፈ አጥሮብሃል።» ከዚያ ዱላውን ወደ ትከሻው አነሳ። «አሁን ዓይንህን ጨፍን። አንሳና ደግፍ። ስትገልጥ ኢላማውን ካላየህ፣ አንገትህን እየፈለግክ ነው። አንገትህ ጠመንጃ መፈለግ የለበትም።»

ሲያነሳው እጁ አልተንቀጠቀጠም። ጠዋት ጠዋት ሻይ ሲጠጣ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ግን ቀጥ አለ። ጉንጩ ዱላው ላይ ተኛ። ግራ እጁ ከታች ሳይጨብጥ ተሸክሞታል። ወንድሜም ከዚያ ማዶ ዝም ብሎ ያየው ነበር።

በማግስቱ ወንድሜ ሱቅ ሄዶ አራት አምስት አነሳ። ከሱቁ ፎቶ ላከ። አንዱ ዊንቸስተር ሞዴል 70 ነው፣ ከ1936 ጀምሮ የተሠራ ዓይነት። ማቀባበያውን አውጥቶ በቅርብ አንስቶታል። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ። ማቀባበያው ጎን ላይ የተጋደመችውን ረጅም ጥፍር አየ። ጥይቷን ከጎሬዋ ጀምሮ ጨብጣ የምትወስድ፣ ስትመልስም ቀለሁን የምትጎትት ጥፍር ናት።

«ይቺ የቤልጅጌ ናት!» አለ።

አልተሳሳተም። ሞዴል 70 ያችን ጥፍር የወሰደው ከ1898ቱ መውዜር ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ይል ነበር። ረከስ ያሉት የዛሬዎቹም በትክክለኛነት አያንሱም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ይበልጣሉ። ይህን ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። «አውቃለሁ» አለኝ። «እሱ ያወቀውን ነው የምገዛው።»

አባዬ አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር። «ፈቃዱስ?» አለ። እኛ አገር በአዋጅ 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝ ወንጀል ነው። አደንም እንዲሁ በፈቃድ ብቻ ነው። ወንድሜ አስረዳው። ገዢው ወንጀል እንደሌለበት ይጣራል። ከተገዛ በኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን ተጠብቆ ነው የሚሰጠው። ለአደን ደግሞ የአዳኝ ትምህርት ተምሮ ምስክር ወረቀት መያዝ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ላይ የሚታደነው እንስሳ ወንድ ወይም ሴት ተብሎ ይጻፋል፤ ሌላ ከገደለ ይጠየቃል። ጫካ ሲገባ ሌላ አዳኝ በስህተት እንዳይተኩስበት ደማቅ ብርቱካናማ ይለብሳል።

«ጥሩ ነው» አለ አባዬ። «እኛም ጓሳ አለን።» ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር ምድር የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የአካባቢው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ የሚታጨደው ሲፈቀድ ነው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም አሉ። አባዬ ቤልጅግ በትከሻው ይዞ ጓሳን ስንት ጊዜ አቋርጧል። አንድ ቀን እንኳ ወደ ጭላዳ አላነሳም። ይህን ሲናገር ፊቱ ይከብዳል። ለእሱ የሚተኮስበትና የማይተኮስበት ነገር አንድ ላይ ነው የሚማረው። ለወንድሜም ያለው ይህንኑ ነው፦ «ከኋላው ምን እንዳለ ካላየህ፣ አትተኩስ። እየሮጠ ከሆነ፣ ተወው። ቆስሎ ከሄደብህ፣ እስኪመሽም ቢሆን ተከተለው።»

ሦስቱን ቀን አባዬ ቆጠረ። በየቀኑ ማታ «ሰጡት?» ይለኛል።

ጠመንጃው ሰኞ ተሰጠው። አባዬ አስቀድሞ ትእዛዝ ልኳል። ጓደኛው ጥይት ያጉርስለት፣ በመሐል ግን አንዳንዴ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ያግባበት። ወንድሜ የትኛው እንደገባ አያውቅም። ባዶው ላይ አፈሙዙ ከተነቃነቀ ፍርሃቱ አለ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ተነቃነቀ። በሁለተኛውም። በሦስተኛው ቀን ቪዲዮ ላከ። ምላጩ ቀጭ ሲል ጠመንጃው ዝም ብሎ ቆሟል። አባዬ ይህን ስንቴ እንዳየው አልቆጠርኩም።

ትናንት ደግሞ ፎቶ መጣ። ወረቀት ኢላማ ነው፣ 100 ያርድ ላይ የተተኮሰ። ወረቀቱ ላይ የቡና ስኒ ተደፍቷል። ከቤት ይዟት የሄደው፣ ጆሮዋ የተሸረፈው ስኒ ናት። አባዬ ድሮ ኢላማን የሚለካው በስኒ ነው፤ «በስኒ ይከደናል ወይስ በጣሳ?» ነበር የሚለው። ወንድሜ አልረሳውም።

ሁለተኛው ፎቶ ስኒው ተነስቶ ነው። አምስት ቀዳዳ። አራቱ ስኒው የከደነው ክብ ውስጥ ናቸው። አንዷ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብላ ውጭ ቀርታለች።

አባዬ በሁለት ጣቱ አጉልቶ ብዙ አያት። «ይቺ ስንተኛዋ ናት?» አለ። ጻፍኩለት። ወንድሜ ወዲያው መለሰ፣ «የመጨረሻዋ። ቸኮልኩ።»

አባዬ ስልኩን መለሰልኝ። «ቀለሁን ይቀላቅልበት» አለ። «ነገም ይድገመው።»