ለእንግዳው የሚላከው ጥያቄ

ሰኔ 24 የበጎ አገልግሎት ክለባችን የሮታሪ አዲስ ዓመት ይገባል። የክለቡ ፕሬዚዳንት የሚለወጠው፣ ኮሚቴዎችም እንደ አዲስ የሚዋቀሩት በዚሁ ቀን ስለሆነ በግንቦትና በሰኔ የፕሮግራም ኮሚቴ ሰው ሐሳቡ ሁሉ «ማንን እንጋብዝ?» የሚል ነው። እኔ ግን በዚህ ማስታወሻ ሌላ ጥያቄ ላስቀድም፤ እንግዳውን ምን እንጠይቀው? መሐል አዲስ አበባ ላይ ተናጋሪ አይቸግርም። ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባለው መንገድ ዩኒቨርሲቲው፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ባንኮቹና ቴአትር ቤቶቹ ተሰልፈዋል። የሚቸግረው በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ጥያቄ ነው።

«ስለ ሥራዎ እንዲያወያዩን» የሚል ግብዣ የደረሰው ሰው የመሥሪያ ቤቱን ራዕይ፣ ተልዕኮና መዋቅር ይዞ ይመጣል። አይፈረድበትም፤ የተጠየቀው እሱን ነው። ኩላሊት ሐኪም ጋብዘን «ስለ ኩላሊት በሽታ ይንገሩን» ካልን የሕክምና ትምህርት እንሰማለን፣ እናጨበጭባለን፣ እንበተናለን። «እጥበት የጀመረ ሕመምተኛ ከሕክምናው ክፍያ ሌላ ምን ያስቀረዋል?» ብለን ከጻፍን ግን ወሬው ይለወጣል። እጥበት በተለምዶ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ መጓጓዣው፣ የሚያጅበው ሰው ከሥራ መቅረቱ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው የሚያድርበት ማጣቱ ይነሣል። አንድ የበጎ አገልግሎት ክለብ አቅሙ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው።

መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን ጥያቄው ደብዳቤው ላይ መስፈር አለበት። ደብዳቤው ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይኑረው፤ ለኃላፊው ተጽፎ ለሕዝብ ግንኙነት ግልባጭ ይደረግ፤ መዝገብ ቤት ሲገባ የገቢ ቁጥሩን ሳይቀበሉ አለመውጣት ነው፤ በኋላ «የትኛው ደብዳቤ?» ሲባል የሚያድነው እሱ ነው። ሦስት ሳምንት ቀድሞ ቢገባ መልካም ነው። ከእነዚህ ቢሮዎች የሚመጣው ትልቁ ችግር ኃላፊው ተወካይ መላኩ አይደለም፤ ተወካዩ ጉዳዩን የማያውቅ መሆኑ ነው። ጥያቄው በግልጽ የሠፈረበት ደብዳቤ ወደሚመለከተው ክፍል ይመራል፤ የመጣው ባለሙያ ከኃላፊው የተሻለ የሚያውቅበት ጊዜም ብዙ ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን በተመለከተ መድገም አያሳፍርም። «5/3» ተብሎ የተጻፈ ቀን ለአንዱ ኅዳር 5 ነው፣ ለሌላው ማርች 5። የወሩን ስም ከዕለቱ ጋር መጻፍ፣ ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ከምሽቱ 12:30፣ በውጭው 18:30 ብሎ። ከዕለቱ በፊት ባለው ቀን ደግሞ ስልክ ይደወላል፤ የቴሌግራም መልእክት ብቻውን አይበቃም። በየካቲት መጀመሪያ አካባቢ፣ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ሰሞን፣ መንገድ ስለሚዘጋ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ባይያዝ ይሻላል። ረመዳን ከሆነና እንግዳው ሙስሊም ከሆነ የማፍጠሪያው ሰዓት ከስብሰባችን ጋር ይገጥማል፤ ተምርና ውኃ አስቀድሞ ይቅረብ፣ ንግግሩም ከዚያ በኋላ ይጀመር። ረቡዕ ለሚሰበሰብ ክለብ ምግቡ የጾም መሆኑን ለሆቴሉ በየጊዜው ማስታወስ የኮሚቴው ሥራ ነው።

የስብሰባው አንድ ሰዓት እንዲህ ቢከፈል ደስ ይለኛል። 12:30 ሰላምታና ምግብ፣ 12:45 የስብሰባው መክፈቻ ደወል፣ 12:50 እንግዳውን ማስተዋወቅ፣ ቀጥሎ የ20 ደቂቃ ንግግር፣ ከ1:10 በኋላ የ15 ደቂቃ ጥያቄ፣ 1:30 መበተን። ይህን የሚያፈርሰው ብዙውን ጊዜ እንግዳው ሳይሆን የክለቡ የውስጥ ማስታወቂያ ነው። ለአምስት ደቂቃ የታሰበ የኮሚቴ ሪፖርት ሃያ ደቂቃ ሲፈጅ የሚቆረጠው የጥያቄው ጊዜ ይሆናል፤ ክለቡ ከእንግዳው የሚጠቀመው ደግሞ በጥያቄው ጊዜ ነው። ማስታወቂያ ጠዋት በቴሌግራም ይላክ።

ማስተዋወቁም እንዲሁ ነው። የተላከውን የሕይወት ታሪክ ሙሉውን ማንበብ ለእንግዳው ክብር ይመስላል፤ ነገር ግን አዳራሹን ያደክማል፣ እንግዳውንም ያሸማቅቃል። አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃል፤ ማን እንደሆኑ፣ ይህን ጉዳይ ለምን እንደሚያውቁት፣ ዛሬ የሚመልሱልን ጥያቄ ምን እንደሆነ። መጠሪያቸውን ከራሳቸው መጠየቅ ይገባል፤ ዶክተር፣ መምህር፣ ወይዘሮ ወይስ ሲስተር? ለምስክር ወረቀቱ ደግሞ ስማቸውን በምን ፊደል እንደሚጽፉ። ኃይሉ በሀ ተጽፎ የተሰጠውን ሰው ፊቱን ማየት ብቻ ይበቃል።

መሣሪያ ላይ አሳጥራለሁ። በአማርኛ የተዘጋጀ ስላይድ በሆቴሉ ኮምፒውተር ሲከፈት ፊደሉ የሳጥን ሰልፍ ወይም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል፤ ምክንያቱ የተጻፈበት የፊደል ዓይነት (ፎንት) እዚያ አለመጫኑ ነው። በፒዲኤፍ ተቀይሮ በፍላሽ ይምጣ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያው ቢነሣም በአምፖል የሚሠራ ፕሮጀክተር እንደገና እስኪበራ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ እንግዳው ያለ ስላይድ መቀጠል እንዲችል አስቀድሞ ይነገረው። ለገመድ አልባው ማይክ መለዋወጫ ባትሪ ይያዝ። በር ላይ በፍተሻና በላፕቶፕ ምዝገባ እንዳይጉላላም አንድ አባል ወጥቶ ይቀበለው። አስተናጋጆቹ ሳህን የሚያነሡት ደወሉ ከመደወሉ በፊት ይሁን፤ የሳህን ኳኳታ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰውን ድምፅ ይውጠዋል።

ጥያቄ ሲከፈት የመጀመሪያው ዕድል ለወጣት አባል ወይም ለሮታራክት (የሮታሪ የወጣቶች ክለብ) ልጆች እንዲሰጥ አጥብቄ እለምናለሁ። ታላቅ ሰው ቀድሞ ከተናገረ ልጆቹ በአክብሮት ዝም ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቢያበረታታቸው አይነሡም። ሦስት ሦስት ጥያቄ መሰብሰብ የለመድነው ነገር ነው፤ እንግዳው ግን ቀላሉን መልሶ ከባዱን ይረሳል። አንድ በአንድ ቢሆን ይሻላል። ጥያቄ አለኝ ብሎ ንግግር ለሚጀምር አባል ደግሞ መድረክ መሪው በትሕትና «ጥያቄዎን ቢያስቀምጡልን» ማለት አለበት። አንዳንዱ የተጋበዘ ሰው ኢንሹራንስ ወይም አፓርታማ ለመሸጥ ይመጣል፤ እሱን መድረክ ላይ ከማቋረጥ በግብዣው ወረቀት ላይ «ሽያጭ፣ የፓርቲ ፖለቲካና የሃይማኖት ስብከት አይስተናገድም» ብሎ መጻፍ ይቀላል።

እንግዳ ይቀራል። ሐኪም ወደ ድንገተኛ ክፍል ይጠራል፣ ኃላፊ ስብሰባ ይገባል። ለዚህ ቀን የራሳችን አባላት አሉን። ፖል ሃሪስ በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1905 ቺካጎ ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር ሲቀመጥ እሱ ጠበቃ፣ ሌሎቹ የማዕድን መሐንዲስ፣ የከሰል ነጋዴና ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሮታሪ የሚለው ስምም የመጣው ስብሰባው በየተራ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስለሚዞር ነው። ጎን ለጎን እየበላን ለዓመታት የአንዱን ሥራ ሌላው ሳያውቅ መቆየቱ ያሳዝነኛል። ሦስት አባላት የ15 ደቂቃ ንግግር አዘጋጅተው ቢቀመጡ የቀረ እንግዳ ምሽቱን አያበላሸውም። እንዲያውም አዲስ አባል ሁሉ በገባ በሦስት ወሩ ስለ ሙያው እንዲናገር ቢደረግ እወዳለሁ።

አንድ ነገር እጅግ ያሳስበኛል። ንግግሩ ልብ ሲነካ ፕሬዚዳንቱ እዚያው መድረክ ላይ «እንረዳችኋለን» ይላል። እንግዳው ያንን ይዞ ይሄዳል፣ ለባልደረቦቹ ይነግራል፣ ይጠብቃል። ቦርዱ ደግሞ በጀት የለውም። ስለዚህ በዚያ ምሽት የሚባለው ምስጋና ብቻ ይሁን። በሁለት ቀን ውስጥ የምስጋና ደብዳቤ ይላክ፣ የንግግሩ ፍሬ ነገር በግማሽ ገጽ ለቦርዱ ይቅረብ፣ ክለቡ ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር ከነወጪው አብሮ ይጻፍ። ቦርዱ ካጸደቀው ለእንግዳው ይደወላል፤ ካላጸደቀውም ይደወላል።

የኮሚቴው መዝገብም በየዓመቱ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ። እንግዳው ማን ነበሩ፣ በማን በኩል ተጋበዙ፣ ምን ተጠየቁ፣ ምን መለሱ፣ ቦርዱ ምን ወሰነ። አምስት ዓምድ ያለው ደብተር ይበቃል፤ የዚህን ዓመቱን ሰኔ 24 ከመግባቱ በፊት ለሚቀጥለው ሰብሳቢ ማስረከብ አለብን።