ጎማው ነው የሚነካው ወይስ ሆዱ? ቦዲ ሊፍትና ሰስፔንሽን ሊፍት ለሃይሉክስ

ፒክአፑን ከፍ ማስደረግ የሚፈልግ ሰው ጋራዥ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኢንች ይነሳል?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን መኪናውን ዞሮ ማየት አለበት። አሁን ባለው ቁመት የሚነካው የቱ ነው? ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቃል ወይስ ሆዱ ድንጋይ ይመታል? ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው፣ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ቦዲ ሊፍት፣ ማለትም ቦዲውን ብቻ ከሻንሲው (ሁሉም ነገር ከሚታሰርበት የብረት አጽም) ላይ ማንሳት፣ የመጀመሪያውን ያድናል፤ ለሁለተኛው በራሱ ምንም አይፈይድም፤ እሱ ሻንሲውን ራሱን ከአክስሉ የሚያርቀውን ሰስፔንሽን ሊፍት ይፈልጋል።

እዚህ የማወራው ስለ ቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የመጡትን፣ ቪጎና ሬቮ የሚባሉትን። ከፊት እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ ክንድ)፣ ሞላና አሞርዛተር አለው፤ ከኋላ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዝ አንድ ወጥ፣ ድፍን አክስልና ባሌስትራ ነው። አሜሪካ ሆናችሁ ታኮማ የምትነዱም አሠራሩ ዘመድ ስለሆነ አብዛኛው ይሠራላችኋል።

ከሁሉም በፊት አንድ ስሌት እናስቀምጥ። ድፍን አክስል ያለው መኪና ላይ ዲፈረንሻሉ፣ ጉልበቱን ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው፣ አክስሉ ውስጥ ስለሆነ ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። ቦዲውን 3 ኢንች አንሱት፣ ባሌስትራውን 2 ኢንች አንሱት፣ የኋላ ዲፈረንሻል አንድ ሚሊ ሜትር አይነቃነቅም። 265/65 አር 17 ጎማ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 285/70 አር 17 ደግሞ 831 ገደማ። ልዩነቱ 55 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው ግማሹን፣ 27 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ሊፍቶች በአብዛኛው የሚያገለግሉት ትልቅ ጎማ ለማስገባት ነው። ከፊት ግን ነገሩ ይለያል፤ የሃይሉክስ የፊት ዲፈረንሻል የታሰረው ሻንሲው ላይ ስለሆነ ሰስፔንሽኑ ሲነሳ አብሮ ይነሳል።

ቦዲ ሊፍት ማለት ጋቢናውና የጭነት ሳጥኑ ሻንሲው ላይ በሚቀመጡባቸው ጎሚኒዎች (የላስቲክ ትራሶች) ዘንድ ቁራጭ ጨምሮ፣ በረጅም ቡሎን ማሰር ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ የነዳጅ ታንከሩና አክስሉ በነበሩበት ይቀራሉ። የብራቾው አቀማመጥ አይለወጥም፣ ሲቪ ጆይንቱ (ለፊት ጎማ ጉልበት የሚያደርሰው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) አይጣመምም፣ አነዳዱም እንደነበረ ነው። ዋጋውም ይረክሳል።

ጥቅሙ በደንብ የሚታየው ክረምት ላይ ዋልካ መንገድ ውስጥ ነው። ጥቁሩ ጭቃ ከጎማው ጥርስ ላይ አይራገፍም፤ እንደ ድፎ ሊጥ እየተጠቀለለ ይወፍራል። ከፓራፋንጎው ውስጥ ካለው ፕላስቲክ ጋር ሲገናኝ ይጠቀጠቃል፣ ፕላስቲኩን ከመያዣው ነቅሎ ይጎትታል፣ በመጨረሻ ጎማው መዞር ያቅተዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ሻንሲው ከመሬት ስንት ይርቃል የሚለው አያሳስብም፤ ከጎማው በላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው የሚያወጣው። 2 ኢንች ቦዲ ሊፍት ያንን ቦታ ይሰጣል።

ችግሩ የሚመጣው ከቦዲው ወደ ሻንሲው የሚሻገረው ነገር ሁሉ በድንገት ስለሚያጥር ነው። በጣም የሚረሳው ራዲያተሩ ነው። ቬንቲላተሩ ሞተሩ ላይ ነው፣ ሞተሩ ሻንሲው ላይ ነው፤ ራዲያተሩ ግን ቦዲው ላይ ታስሯል። ቦዲው ሲነሳ ራዲያተሩና የፕላስቲክ መከለያው አብረው ይነሳሉ፣ ቬንቲላተሩ ይቀራል። ክንፉ የመከለያውን የታችኛውን ጠርዝ መምታት ይጀምራል። መኪናው ቆሞ ሲሠራ ላይነካ ይችላል፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ በጎሚኒው ላይ ይጠመዘዛል፣ ያኔ «ቸር ቸር» የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዳንድ ሰው መከለያውን በመጋዝ ቆርጦ ይገላገላል። ያ ድምፁን ያጠፋዋል እንጂ ቬንቲላተሩ አየር የሚስበው ከራዲያተሩ የታችኛው ክፍል ብቻ ይሆንና ረጅም ዳገት ላይ ሙቀቱ ይወጣል። ትክክለኛው መንገድ ራዲያተሩን ከነመከለያው ቦዲው በተነሳበት ልክ በብረት መያዣ መልሶ ማውረድ ነው።

የመሪ ዘንጉም እንዲሁ ነው። ውስጡ የሚንሸራተት መገጣጠሚያ ስላለው 1 ኢንች ሊችል ይችላል፤ 2 እና 3 ኢንች ላይ ግን ጥርሶቹ የሚያያዙበት ርዝመት ያንሳል። ለዚሁ የተሠራ ማስረዘሚያ ይግባበት። ዘንጉን ቆርጦ መበየድ በፍጹም አይፈቀድ፤ ብየዳው አንድ ቀን ጉድጓድ ላይ ቢለቅ መኪናው መሪ የለውም።

ከዚያ ደግሞ ማርሹ አለ። ዱላው ከካምቢዮው ነው የሚወጣው፣ ወለሉ ግን ወደ ላይ ሄዷል። ወደ ኋላ የሚጎተቱት ማርሾች፣ ሁለተኛና አራተኛ፣ የቀዳዳውን ጠርዝ ከነኩ እስከ መጨረሻው አይገቡም፤ ጭነት ሲበዛ ይወጣሉ። የፎርዊል ማስገቢያ ዱላ ያለው ከሆነ እሱንም በየቦታው አስገብቶ ማየት ነው። የነዳጅ መሙያ ጎማ፣ የእጅ ፍሬን ገመድ፣ ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደው የኔጌቲቭ ሽቦ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ቧንቧዎች አንድ በአንድ ይታዩ። የብረት ቧንቧ ጥምዝ ካለው በእጅ ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ ከታጠፈ ግን ይቀየራል፣ አይቃናም።

ሥራውን ስትጀምሩ ባትሪውን ፍቱ፣ የድሮ ቡሎኖችን ከአንድ ቀን በፊት ዝገት ማላቀቂያ ርጩባቸው። ይህን መዝለል ዋጋ ያስከፍላል፤ ዳዶው ቦዲው ውስጥ ተበይዶ የተቀመጠበት ቦታ ከላላ ቡሎኑ አብሮ ይሽከረከራል፣ ያኔ ወለል መቁረጥ ይመጣል። የአንዱን ጎን ቡሎኖች አውጡ፣ የሌላውን ጎን ጥቂት ዙር ብቻ አላሉ። ክሪኩና ቦዲው መሀል ወፍራም ጣውላ አድርጋችሁ ቁራጩ እስኪገባ ብቻ አንሱ። በአንድ ነጥብ ብቻ ከፍ ካደረጋችሁት ወለሉ ይጎብጣል፣ የፊት መስታወቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። እጅ ቁራጩና ሻንሲው መሀል አይግባ። ሁሉም ቦታ ከገባ በኋላ ነው መጥበቅ ያለበት፣ እሱም በቶርክ ቁልፍ።

ቁራጩን ቶርኖ ቤት ማስወጣት ይቻላል፤ ድፍን ናይለን ወይም አሉሚኒየም፣ ስፋቱ ከጎሚኒው መቀመጫ የማያንስ፣ ቀዳዳው ቡሎኑን ልክ የሚይዝ። ጎሚኒው ከነበረበት አይወጣም፤ ቁራጩ ይጨመርበታል እንጂ አይተካውም። ቡሎኑ ደረጃው 10.9 ይሁን፤ ርዝመቱ የድሮው ላይ የቁራጩ ውፍረት ተደምሮ ነው። የቧንቧ ቁራጭ፣ የተደራረበ ሮንዴላና እንጨት የሚያስገቡ አሉ፤ ይህ አይደረግ። ቦዲው በፍሬንና በግጭት ጊዜ ወደ ፊት ሲገፋ ቡሎኑን እንደ ማንሻ ያጎብጠዋል፤ ቁራጩ በረዘመ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል። ከ3 ኢንች በላይ የማይኬደውም በዚሁ ነው። ለሥራ መኪና 2 ይበቃል ባይ ነኝ፤ 1 ኢንች ደግሞ ከላይ ካለው ጣጣ አብዛኛውን ያስቀራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው በሽታ እንሂድ። ሻንሲው መሀል ላይ ድንጋይ የሚመታ፣ ወንዝ ዳር ሲወጣ አፍንጫው የሚተክል፣ ወይም አምስት ሰውና ጭነት ይዞ ባሌስትራው የሚተኛ መኪና የሚፈልገው ሰስፔንሽን ነው። ሃይሉክስ ላይ ከፊት 2 ኢንች፣ ማለትም 50 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከባድ ለውጥ ሳያስፈልግ የሚደረስበት ልክ ነው።

ርካሹ መንገድ ከአሞርዛተሩ አናት ላይ የሚገባ ቁራጭ ነው። ይህን ቁራጭ በሚፈለገው ቁመት ልክ የሚያስቆርጡ ሰዎች ይሳሳታሉ። አሞርዛተሩ ብራቾው መሀል ላይ ስለሚያርፍ ከላይ የገባ 25 ሚሊ ሜትር ጎማው ላይ 50 ገደማ ይሆናል። 50 ያስገባ ሰው 4 ኢንች አንስቷል፤ ሲቪ ጆይንቱ ከአቅሙ በላይ ይታጠፋል፣ የላስቲክ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ግሪሱ ጎማው ውስጠኛ ጎን ላይ ተረጭቶ ይገኛል። በትክክለኛው ልክም ቢሆን ቁራጩ ጎማው ከድሮው በታች እንዲንጠለጠል ስለሚያደርግ የላይኛው ብራቾ ሞላውን እንዳይነካ መኪናውን አንጠልጥሎ ማየት ግድ ነው።

የተሻለው ረዘም ያለ ሞላ ከነተስማሚው አሞርዛተር ነው። ሞላው ብቻ ተቀይሮ አሞርዛተሩ የፋብሪካው ከቀረ፣ 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለው መኪና ጎማው ወደ ጉድጓድ የሚወርድበትን 50 ሚሊ ሜትር አጥቷል። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ አሞርዛተሩ ጫፉ ላይ ሲደርስ «ዷ» ይላል፣ ብዙም ሳይቆይ ዘይት ያፈሳል። የሞላው ጥንካሬ የሚመረጠው ደግሞ በየቀኑ በሚሸከመው ክብደት ነው። የብረት ፓራውልትና ዊንች ለተጫነበት የተሠራውን ሞላ ባዶ መኪና ላይ ማስገባት ጠጠር መንገድ ላይ ጎማውን ያስዘልላል።

የፊት ዲፈረንሻሉን 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ የሚያደርግ መያዣም ይሸጣል። የሲቪውን መታጠፍ ያቀልላል፤ ግን በገንዘባችሁ ያነሳችሁትን ዲፈረንሻል መልሳችሁ እያወረዳችሁ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ላይ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

አላይመንት የግድ ነው። መኪናው ከፍ ሲል ካስተር (የፊት ጎማው መዞሪያ ወደ ኋላ ያዘነበለበት ማዕዘን) ይቀንሳል፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ ወደ መሀል መመለስ ይሰንፋል፣ አስፋልት ላይም መኪናው ይቅበዘበዛል። የታችኛው ብራቾ ማስተካከያ ቡሎኖች መጨረሻ ላይ ደርሰውም ካስተሩ ልኩ ካልገባ የሚቀየረው የላይኛው ብራቾ ነው።

ከኋላ ሙሉ ባሌስትራ መቀየር የተሻለ ነው። አንድ ባሌስትራ ማስጨመርም ይሠራል፤ ከፍ ያደርጋል፣ ያጠነክራልም፣ ባዶውን ሲሄድ ግን ይደልቃል። በአክስሉና በባሌስትራው መሀል ቁራጭ ማስገባት ርካሽ ነው፤ ቁራጩ ሲረዝም ግን አክስሉ በጉልበት ጊዜ ለመጠምዘዝ ያመቸዋል። ዩ ቅርጽ ያላቸውን ቡሎኖች አዲስ አድርጉ፤ አንዴ የተሳቡ ስለሆኑ ተመልሰው በልካቸው አይጠብቁም።

ይህን ክፍል ጎላ አድርጌ የምጽፈው ሕይወት ስለሆነ ነው። ብዙ ሃይሉክስ ላይ ከኋላ አክስል ተነስቶ ሻንሲው ላይ ካለ ቫልቭ ጋር የተያያዘ ቀጭን ዘንግ አለ። ቫልቩ የኋላውን ፍሬን በጭነቱ ልክ ይመጥናል፤ መኪናው ከኋላ ከፍ ካለ «ባዶ ነው» ብሎ ጫናውን ይቀንሳል፣ ዝቅ ካለ ይጨምራል። ባሌስትራውን 50 ሚሊ ሜትር ስታነሱት ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ ይመስለዋል። ጭነት ይዛችሁ ቁልቁለት ስትወርዱ የኋላው ፍሬን ከልቡ አይይዝም፣ ፊተኛው ብቻውን ይቃጠላል። መፍትሔው የዘንጉን መያዣ በተነሳበት ልክ ማስተካከል ነው። ቫልቩ የሌለባቸው ሞዴሎች አሉ፤ ተኝቶ ማየት ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ የፍሬኑ ጎማ ቱቦ አለመወጠሩንም እዚያው አረጋግጡ።

ጉልበቱን ከካምቢዮው ወደ ኋላ አክስል የሚያደርሰው ዘንግ ሁለት ቁራጭ ነው፤ መሀሉን የሚይዝ ኩሽኔታ አለው። ሊፍቱ ከተሠራ በኋላ መኪናው ከቆመበት መሄድ ሲጀምር ወለሉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ኩሽኔታውን በሮንዴላ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያድነዋል።

የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ፊቱም ድፍን አክስል ስለሆነ ሲቪው አያስጨንቅም። ፊቱ ሞላ የሆነው 79 ግን ሲነሳ ካስተር ያጣል፣ አክስሉም ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ የካስተር ማረሚያና ርዝመቱ የሚስተካከል የጎን ዘንግ አብረው ይገዙ።

ሁለቱም ሊፍቶች የማያድኑት ቦታ አለ። 285/70 አር 17 ሃይሉክስ ላይ መሪው እስከ ጫፍ ሲታጠፍ የሚነካው ከጎማው ጀርባ፣ የጋቢናው የፊት ጎሚኒ የሚቀመጥበትን የሻንሲ ክንፍ ነው። ጎማው ሊነካበት የሚችለው ያ ብረት ሻንሲው ላይ ስለሆነ ቦዲውን ብታነሱት እዚያው ነው። ወይ ጠርዙ ተቆርጦ በብረት ይበየዳል፣ ወይ 265/70 አር 17 ይደረጋል፤ ቁመቱ 803 ገደማ ነው፣ ለብዙ ሰው ይበቃል። 285ቱ ዳሽቦርዱ 100 ሲል መኪናው 107 እንዲሄድ ያደርጋል፣ ዳገት ላይ ያከብደዋል፣ ስኮርታውም (መለዋወጫ ጎማው) ሥር ላይ መግባቱ ቀድሞ ይለካ።

መገልበጥን በተመለከተ ቀላል ስሌት አለ። የግራና ቀኝ ጎማ ርቀት 1,500 ሚሊ ሜትር፣ የክብደቱ መሀል 700 ሚሊ ሜትር ላይ ነው እንበል፤ የቆመ መኪና በጎን የሚገለበጠው 47 ዲግሪ ላይ ነው። ሁሉም ነገር 50 ቢነሳ 45 ይሆናል። ቦዲ ሊፍት ላይ ሞተርና ካምቢዮ ስለማይነሱ ኪሳራው ያንሳል። ጣሪያ ላይ ዕቃ የሚጭን ሰው ግን ሁለቱንም ደርቦ 5 ኢንች ባይደርስ እመርጣለሁ። ከተፈለገ 2 ኢንች ሰስፔንሽን ላይ 1 ኢንች ቦዲ ይበቃዋል።

ሥራው እንዳለቀ ማታ ግድግዳ ፊት አቁማችሁ የፊት መብራቱን ወደ ታች አስተካክሉ። 500 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ዩ ቡሎኖቹንና የቦዲውን ቡሎኖች እንደገና በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ፤ ናይለኑ ተቀምጦ ስለሚሆን አንዳንዱ ሩብ ዙር ይቀበላል። እዚያው ሥር ሳላችሁ ሁለቱንም የሲቪ ሽፋኖች በጣት ዳሱ፤ ጣታችሁ ጥቁር ግሪስ ይዞ ከወጣ ሽፋኑ ተሰንጥቋል፣ አሸዋ ሳይገባበት በዚያው ሳምንት ይቀየር።