«ይሰማል እኮ፣ ሲስተር»

የምሠራው አዲስ አበባ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ክፍል ነው። ቫይታሚን ኤ በየስድስት ወሩ ስለሚሰጥ ሳይታመም የሚመጣው ልጅ ብዙ ነው። ይመዘናል፣ ክንዱ ይለካል። የቫይታሚኑን እንክብል ጫፍ በመቀስ ቆርጠን አፉ ውስጥ እንጨምቅለታለን። ሁለት ዓመት ከሞላው የሆድ ትላትል መድኃኒት ይጨመርለታል። ከዚያ ቀጣዩ ይጠራል።

እንዲህ ባለ ቀን ነው አንዲት እናት ከአማቷ ጋር ልጇን ይዛ የመጣችው። ዕድሜው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነው። ኪሎው ጥሩ፣ ሳቂታ ልጅ። «ስምህ ማነው?» አልኩት። ዝም አለ። አያትየዋ ቶሎ ብለው፣ «ገና አፉን አልፈታም ልጄ። ወንድ አይደል? አባቱም ሦስት ዓመት ሞልቶት ነው የተናገረው» አሉኝ።

ይህን አባባል ደጋግሜ እሰማዋለሁ። እውነትም አለበት። ወንዶች ትንሽ ዘግየት ይላሉ፤ በዘርም ይሄዳል። ግን ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሃምሳ ያህል ቃላት ይኖሩታል፣ «ውሃ ስጪኝ» ዓይነት ሁለት ቃልም ያጋጥማል ተብሎ ይጠበቃል። ይሄኛው ያለው «እማ» እና «እምቢ» ብቻ ነው። ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ መስኮቱ ላይ ያረፈችውን ርግብ በጣቱ እየጠቆመ ለእናቱ ያሳያል። ይህ ደስ የሚል ምልክት ነው። እንደዚህ የማያደርግ ልጅ ወይም የነበሩትን ቃላት የተወ ልጅ ቢሆን እንደ ኦቲዝም ያለ ሌላ ነገር ቀድሞ ያሳስበኝ ነበር።

«ጆሮው ይሰማል?» አልኳት።

«ይሰማል እኮ፣ ሲስተር። በር ሲመታ ይዞራል። አምጣ ያልኩትን ያመጣል።»

«እስቲ እዚሁ እዘዢው።»

«ኳሷን አምጣ» አለችው። እያለችም በአገጯ ወደ ጥጉ ጠቆመች። ሄዶ አመጣ። አያትየዋ «ይኸው!» አሉ። ቀጥሎ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ እጇንም አገጯንም ሳታንቀሳቅስ፣ በደህናው ድምጿ እንድታዘው ጠየቅኳት። ልጁ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ተጠጋትና ነጠላዋን በሁለት እጁ ወደ ታች ጎትቶ አፏን አፏን ያይ ጀመር። እንደገና ሸፈነች። እንደገና ገለጠው። እናትየዋ ያኔ ገባት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ጆሮው ፈሳሽ ያወጣል?»

«ጉንፋን ሲይዘው መግል ይወጣዋል። በጨርቅ እንጠርግለታለን፣ ይደርቃል። አንዳንዴ ወር ይቆያል።»

እኛ ጋ ከጆሮ የሚወጣ መግል 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል። ታምቡሩ ሲቀደድ ወይም ከጀርባው ፈሳሽ ሲጠራቀም ድምፅ ጭራሽ አይጠፋም። ጭንቅላቱን ውሃ ውስጥ የነከረ ሰው እንደሚሰማው ይደበዝዛል። በር ሲወረወር ይሰማል፤ ቃል ግን ጥርት ብሎ አይደርሰውም። ጥርት ብሎ ያልሰማውን ደግሞ ከየት አምጥቶ ይናገር? ሰው «ይሰማል» ብሎ የሚዘናጋውም በዚሁ ነው።

አያትየዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጎረቤት «ምላሱ ታስሮ ነው፣ ይቆረጥለት» እንዳለቻቸው ነገሩኝ። ምላሱን አየሁት፤ ደህና ነው። ቢታሰርም አንዳንድ ድምፆችን ያኮላትፋል እንጂ ልጅን ዲዳ አያደርግም። እንኳንም አላስቆረጡት።

ሪፈር ጻፍኩለት። ሆስፒታል ሲታይ አንደኛው ታምቡር ተቀዶ፣ ከሌላኛው ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። ሕክምናው ወራት ወሰደ። ለእናቲቱ ቤት ውስጥ የምትሠራውንም ነግሬያት ነበር። ከፊቱ ዝቅ ብላ አፏን እያሳየች እንድታወራው፣ ስታጥበውም ስታጎርሰውም የያዘችውን ነገር ስም እንድትጠራለት፣ ስልኩንም እንድታርቅለት። ሁለት ዓመት ለሞላው ልጅ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ነው። ለክትትል ሲመለሱ «ርግብ ሄደች» ይላል። አያትየዋ ደጋግመው ያስብሉታል።

እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የታመመ ልጅ ሲመጣ «የጆሮ ችግር አለው?» ብለን መጠየቅ ግዴታችን ነው። ይህ ልጅ ግን የመጣው ለቫይታሚን ነው፤ ማንም ስለ ጆሮው አይጠይቅለትም። ለክፍሉ ኃላፊ ለጤነኞቹም ሁለት ጥያቄ እንጨምር አልኩት። ጆሮው ፈሳሽ ያወጣል? ከጀርባው ቀስ ተብሎ ሲጠራ ይዞራል? «ሰልፉን አላየሽም?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው። እኔ ግን እንክብሉን እየቆረጥኩ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ካርዱ ላይ እስኪገባም መወትወቴን አልተውኩም።