«ማን ሞላው? ጦጣዎቹ ናቸው?»

ጁላይ 2020፣ ቅዳሜ ጠዋት። ከዋሽንግተን ዲሲ ትንሽ ራቅ ባለች አንዲት አነስተኛ ዙ በር ላይ ማስክ አድርጌ፣ ታብሌት ይዤ ቆሜያለሁ። (መካነ አራዊት ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን እዚህ ያለ ሀበሻ ሁሉ ዙ ነው የሚላት።) ሥራዬ የቲኬት ክፍል ነው።

አንድ ጋሼ ሦስት ልጆች ይዘው መጡ። ትንሿ ክንዳቸው ላይ ተንጠልጥላለች። ቲኬት እንዳላቸው በእንግሊዝኛ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ግን ደረቴ ላይ ያለውን ስም እያነበቡ ነው።

«ሀበሻ ነሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ተመስገን! ናሽናል ዙ ዝግ ነው አሉን። በይ አራታችንን አስገቢን፣ ካሽ ይዣለሁ።»

እውነታቸውን ነው፤ ናሽናል ዙ እስከ ጁላይ 24 አልተከፈተም። የእኛ ተከፍታለች፤ ግን ንክኪ ለመቀነስ ተብሎ ካሽ ቀርቷል። ቲኬትም የሚሸጠው በኢንተርኔት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተመድቦ ነው። ታብሌቱን አየሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ቀይ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ዛሬ ሞልቷል።»

በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ ውስጥ አዩ። ሰፊው መንገድ ወለል ብሎ ይታያል። ሁለት እናቶች ጋሪ ይገፋሉ። ፍላሚንጎዎቹ በአንድ እግራቸው ቆመዋል። ሌላ ማንም የለም።

«ማን ሞላው? ጦጣዎቹ ናቸው?»

በማስኬ ውስጥ ሳቄ አመለጠኝ። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው ብዬ መለስኳቸው። ትንሿ ልጅ አንገቷን አዙራ ፍላሚንጎዎቹን እያየች ነው የሄደችው። ስልክ ቁጥራቸውን እንኳ አልተቀበልኩም።

አሁን የሚያሳፍረውን ልንገራችሁ። ያንን ቀይ ሰሌዳ የሠራሁት እኔው ነበርኩ።

ማርች አጋማሽ ላይ በኮሮና ምክንያት ስንዘጋ የገባን አንድ ነገር አለ። ሬስቶራንት ሲዘጋ ፍሪጁን አጥፍቶ ይቆልፋል። ዙ አይቆለፍም። አንበሳው ይበላል፣ የእባቦቹ ቤት ይሞቃል፣ ሐኪሙ ይመጣል፤ በር ላይ ግን ሰባራ ሳንቲም አይገባም። የዚያን ሰሞን ያልተሰማ ጉድ የለም። የጀርመኗ ኖይሙንስተር ዙ ዳይሬክተር፣ ነገሩ ከከፋ የትኞቹ እንስሳት ቀድመው እንደሚታረዱ ዝርዝር ማውጣታቸውን ተናገሩ። የካናዳዋ ካልጋሪ ዙ ቀርከሃ የሚያመጡላት በረራዎች ሲስተጓጎሉ ፓንዳዎቿን ወደ ቻይና ለመመለስ ወሰነች። አንድ ትልቅ ፓንዳ በቀን እስከ 40 ኪሎ ቀርከሃ ይፈልጋል፤ ቀርከሃ ደግሞ ካልጋሪ ጓሮ አይበቅልም። በኒውዮርኩ ብሮንክስ ዙ ናድያ የምትባል ታይገር ኮሮና ያዛት፣ የእኛም ጠባቂዎች ድመት ነክ እንስሳት ጋ ያለ ማስክ መቅረብ አቆሙ።

እኛን ያቆየን የመንግሥት ብድር ነው። ያኔ ከ500 በላይ ሠራተኛ ለሌለው ድርጅት ይሰጥ የነበረ፣ ለደመወዝ ካዋልከው የሚሰረዝልህ ብድር። እሱም ሊያልቅ ሲል ጁን ላይ እንድንከፍት ተፈቀደልን። እኛ ዘንድ ሰመር የሠሩትን ነው ዊንተር የሚበሉት፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ቅዳሜ ወርቅ ነበረች። የሚገባው ሰው ቁጥር በግማሽ ተቀንሶ፣ የቤት ውስጥ ክፍሎቹ ተዘግተው፣ መንገዱ አንድ አቅጣጫ ሆኖ ተጀመረ።

አባላት የሚባሉ አሉን። በዓመት አንዴ ከፍለው እንደፈለጉ በነፃ የሚገቡ። ተዘግተን በነበረበት ጊዜ ገንዘባችን ይመለስ ያላሉ ደግ ሰዎች ናቸው። ላስደስታቸው ብዬ ከሁለት ሳምንት ቀድመው ቦታ እንዲይዙ ከፈትኩላቸው። ነፃ ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቅዳሜንም እሁድንም፣ ጠዋቱንም ከሰዓቱንም ይይዙታል። ቀኑ ሲደርስ ልጅ ከተነጫነጨ ወይም ሰማዩ ከጠቆረ ይቀራሉ። መሰረዝ? ማን ይሰርዛል።

እኔ ደግሞ የማየው የተያዘውን ብቻ ነበር። በየሳምንቱ ስብሰባ «ሶልድ አውት!» እላለሁ፣ ይጨበጨብልኛል። (ስብሰባው በዙም ነው። የዙ ስብሰባ በዙም፤ ቀልዱ ሳይሰለቸን ወራት ከረመ።)

የዚያን ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ የጋሼ ነገር አላስበላኝ አለ። ከበሩ ስካነር ላይ ዝርዝሩን አወረድኩ። ጋሼን የመለስኩበት ሰዓት ላይ በትክክል የገባው ሰው ከተያዘው ግማሽ ብዙም አይበልጥም። ወደ ኋላ ሄድኩ። ያለፈው ቅዳሜም እንዲሁ። ከዚያ በፊት ያለውም። ከፍሎ የሚገባውን ሰው በር ላይ እየመለስኩ፣ በነፃ ለሚቀረው ቦታ ስጠብቅ ከርሜያለሁ።

ሰኞ ለአለቃዬ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አድርጌ ላኩላት፤ የተያዘውንና የገባውን። ወዲያው ደወለች።

«ስንት ሳምንት?»

«ከከፈትን ጀምሮ።»

ዝም አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ለወጥነው። አባል በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ቀን ብቻ ሆነ። በዋዜማው «ይመጣሉ ወይስ ይቅር?» የሚል የስልክ መልእክት ይደርሰዋል፤ «ይቅር» ካለ ቦታው ለሽያጭ ይወጣል። እንዲያም ሆኖ የሚቀር ስለማይጠፋ፣ አየር መንገዶች እንደሚያደርጉት ካለው ቦታ ትንሽ አስበልጠን መሸጥ ጀመርን። ለካሽ አንድ መስኮት ከፈትን፣ ጓንት ያደረገ ልጅ አስቀመጥን። ከእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓትም ጥቂት ቲኬት በር ድረስ ለሚመጣ ሰው ተቀንሶ ተቀመጠ።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ ፎክሬ ነበር። ኦገስት ላይ አንድ ነፋሻ እሁድ መጣ። ያስያዘው ሰው አንድም ሳይቀር የመጣ መሰለኝ። ጠዋት የገባው ደግሞ አየሩ ደስ ብሎት አልወጣም። እኔ መግቢያውን እንጂ መውጫውን አልቆጥርም ነበር። መንገዱ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ቀጭኔዎቹ ጋ የቆመ ሰው ከኋላው ያለውን ሁሉ ገተረው። ስድስት ጫማ ተራራቁ የሚለው ምልክት ላይ አራት ቤተሰብ ቆሞበታል። ሬዲዮኔ አላባራ አለ። በሩን ለሃያ ደቂቃ ዘጋሁት፤ በጸሐይ የተሰለፈው ሕዝብ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ መውጫው ላይ በአውራ ጣት ጠቅ የምትደረግ መቁጠሪያ የያዘ ልጅ አይጠፋም።

ጋሼን ድጋሚ አላየኋቸውም። ሀበሻ አባት ልጆች ይዞ ሲመጣ ግን አሁንም ቀና ብዬ አያለሁ።

በር ድረስ ለሚመጣ ሰው የምናስቀምጠውን ቲኬት የምንመዘግብበት ዓምድ ስም አልነበረውም። ያኔ በችኮላ «ጋሼ» ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩበት። እኔ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወርኩ፣ ዓምዱ ግን እዚያው ቀረ። በቀደም አዲስ የተቀጠረች ልጅ ለሌላዋ ስታስረዳ ሰማኋት። «ቅዳሜ ጋሺ ከሃያ በታች እንዳይሆን፣» ትላታለች። «ምን ማለት ነው?» አለቻት። «የኮምፒውተሩ ቃል ነው መሰለኝ።»