19 እኩል

ከባድሜንተን ውድድሩ ከተመለስኩ አራት ቀን ሆነኝ፣ ቦርሳዬን ግን እስካሁን አልፈታሁትም። በሩ ጋ እንደተወረወረ ነው፣ እርጥብ ፎጣ ውስጡ አለ፣ ሽታው ራሱ ሊጣራ ምንም አልቀረው። ሜዳሊያዋም ፎጣው ውስጥ ተጠቅልላ አለች። የጠቀለልኳት መንገድ ላይ እንዳትንቋቋ ብዬ ነው፣ ከማን ልደብቃት እንደፈለግኩ አሁን ስጽፈው ይወጣልኛል።

ውድድሩ የሁለት ቀን ነው። የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብዬ ልለፈው፣ ሁለት ጨዋታ ነበረኝ ሁለቱንም በቀላሉ አሸነፍኩ፣ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ አለቀ።

ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሩብ ፍጻሜ። አዳራሹ ንፋስ ነበረው። ባድሜንተን የማይጫወት ሰው "ቤት ውስጥ ምን ንፋስ አለ" ይላል፣ ግን ሻትል ማለት እኮ 5 ግራም አካባቢ የሆነች ነገር ናት፣ ህጉ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ነው የሚለው፣ ቡሽ ላይ የተሰካ 16 ላባ፣ አንድ ሰው በር ከፍቶ ሲገባ እንኳን ሀሳቧን ትቀይራለች። ከጨዋታ በፊት ስትሞከር ከኋላ መስመር ላይ ቆመሽ ከስር ወደ ላይ በሙሉ ጉልበት ትመቻታለሽ፣ ከወዲያኛው የኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሳንቲሜትር ሲቀራት ከወደቀች ፍጥነቷ ልክ ነው ይባላል። እኛ ከአንዱ ጎን ስንመታት ልክ ነች፣ ከሌላው ጎን ስንመታት መስመሩን አልፋ ሄደች። ተያየንና ሳቅን። ከዛ ጀምሮ ተጋጣሚዬን፣ ልጅቷን፣ ወደድኳት፣ ችግሩም እሱ ነው መሰለኝ።

ግራኝ ናት። የባድሜንተን ሻምፒዮኖቹ ቻይናዊው ሊን ዳንም ስፔናዊቷ ካሮሊና ማሪንም ግራኝ ናቸው፣ ከግራኝ ጋር በደንብ ያልተለማመደ ሰው ኳሱ የሚመጣበት አንግል ሁሉ ተገልብጦበት ነው የሚውለው። እኔ ደግሞ የምለማመድበት ቦታ አንድም ግራኝ የለም። የመጀመሪያውን ጌም 21 ለ18 ወሰድኩ፣ ሁለተኛውን 21 ለ17 ወሰደችብኝ። ሶስተኛው ላይ 11 ሲሞላ ጎን ተቀያየርንና ያ ንፋስ ያለበት ጎን ለኔ ደረሰኝ፣ ከፍ አድርጌ ወደ ኋላ የምልካት ኳስ ሁሉ ውጪ እየወጣች አራት ነጥብ በተከታታይ ሰጠኋት። ከዛ ማንሳቱን ተውኩትና መረብ ላይ መጫወት ጀመርኩ፣ ቀስ በቀስ ደረስኩባት። 19 ለ18 እየመራች ሰርቭ አደረገች፣ አጭር ሰርቭ፣ መረብ ላይ ቀረች። 19 እኩል።

አሁን ሰርቩ የኔ ነው። ውጤቴ ጎዶሎ ስለሆነ ከግራ ነው የምሰርቨው። አጭር ላኩላት፣ ገፋችው፣ አነሳሁ፣ አጠረብኝ፣ ወዲያው ሳየው አጥሯል፣ እሷ ዘላ ስማሽ አደረገችው፣ ከላይ ወደ ታች በሙሉ ጉልበት። በ2023 የማሌዥያዋ ፒርሊ ታን በሰአት 438 ኪሎ ሜትር የመታችበት ሪከርድ አለ፣ የዚችኛዋ የዛ ግማሽ ቢሆን ነው ግን በቀጥታ ትከሻዬ ላይ ነው የመጣው። ራኬቴን አነሳሁ ሸሸሁ ሁለቱን በአንዴ። ጢክ አለ።

እጄ ላይ ተሰማኝ። የሆነች ትንሽ ንዝረት፣ የራኬቱ ክብ ጫፍ ላይ፣ ገመዱን ሳይሆን ፍሬሙን። ሻትሏ ከጀርባዬ ከመስመሩ አንድ እርምጃ አልፋ ወደቀች። ነክታኝ ከሆነ ነጥቡ የሷ ነው፣ ውጪ ብትወድቅም። ይሄን ህፃን ልጅም ያውቀዋል። እስከ ሩብ ፍጻሜ ድረስ የመስመር ዳኛ አልነበረም፣ ወንበር ላይ ያለው ዳኛ ብቻውን ነው፣ የወደቀችበትን አየና "ውጪ" አለ። 20 ለ19።

እጅ ማንሳት ነበረብኝ። በቃ እጅ አንስቶ "ነክታኛለች" ማለት፣ አንድ ሴኮንድ አይፈጅም፣ ሌላ ጊዜ አድርጌውም አውቃለሁ፣ 6 ለ3 ሲሆን ግን ነው ያደረግኩት። ሰው "ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም" ይላል። እኔ ነበረኝ። ዞሬ ሻትሏን ላነሳ እስክሄድ አራት አምስት እርምጃ ተራምጃለሁ። ጎንበስ ስል አንዱ ላባ መሃል ለመሃል ተሰብሯል። ምን አደረግኩ? ለዳኛው አሳየሁትና ትቀየርልኝ አልኩት። አየት አድርጎ አዲስ ሰጠኝ፣ የተሰበረችው እግሩ ስር ያለው ካርቶን ውስጥ ተጣለች። በስማሽም ላባ ይሰበራል፣ ማንም ምንም አይልም። የሚገርመኝ ዝም ከማለቴ ይልቅ ይቺ ናት፣ በዛ ሁሉ ጭንቀት መሃል ማስረጃ ማጥፋት እንዴት ታየኝ?

21 ለ19 አለቀ። መረቡ ጋ መጥታ እጄን ይዛ "ጎበዝ" አለችኝ።

ግማሽ ፍጻሜው ከሰአት ነበር፣ 21 ለ9 እና 21 ለ11 ተሸነፍኩ። ህሊናዬ ነው ያሸነፈኝ ብል ደስ ይለኛል ግን ውሸት ነው፣ እግሬ አልቆ ነበር፣ የግማሽ ፍጻሜ ተጋጣሚዬም ከኔ በሁለት ደረጃ ትበልጣለች። ኦሎምፒክ ላይ የተሸነፉት ሁለቱ ለነሐስ ይጫወታሉ፣ ሌላ ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ ግማሽ ፍጻሜ ላይ የወደቁ ሁለቱም ሶስተኛ ይባላሉ። እኔም ተባልኩ። እንደዛ ተደብድቤ አንገቴ ላይ ነሐስ አጠለቁልኝ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ፎቶው ላይ ጥርሴ ሁሉ ይታያል።

ማታ አውቶብስ ውስጥ ገባሁ፣ ስድስት ሰአት መንገድ ነው፣ መስኮት ጋ ተቀምጬ ጆሮዬ ላይ ኤርፎን ሰክቼ ልተኛ ስል ሊነሳ ሲል አንድ ሰው እየሮጠ መጣ፣ ትልቅ የራኬት ቦርሳ። ግራኟ ልጅ ናት። ባዶ የቀረው ወንበር አንድ ነው፣ የኔ አጠገብ። "ኧረ አንቺ!" አለችኝ በጣም ደስ ብሏት። ሜዳሊያዬ ጭኔ ላይ ያለው የቦርሳ ኪስ ውስጥ ነበረች፣ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ቃ ቃ ትላለች። መጸዳጃ ቤት ልሂድ ብዬ ወርጄ ነው በፎጣ የጠቀለልኳት።

ሁለት ሰአት ያህል አወራን፣ ስለ ገመድ፣ ስለ ጉልበት ህመም፣ ስለ ፓሪስ ኦሎምፒክ። 2024 ላይ ማሪን ግማሽ ፍጻሜ ላይ የመጀመሪያውን ጌም ወስዳ ሁለተኛውን እየመራች ጉልበቷ ከድቷት እያለቀሰች የወጣችው፣ ከዛ ቻይናዊቷ ሄ ቢንግጂያዎ በሷ መውጣት ፍጻሜ ገብታ ብሯን ስትቀበል የስፔንን ፒን በእጇ ይዛ መድረክ ላይ የቆመችው። ልጅቷ ይሄን ስታወራ አይኗ እንባ አቀረረ። "እንደሷ አይነት ሰው መሆን ነው" አለችኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። እኔ የታወሰኝ ሌላ ነው፣ የለንደን 2012 ኦሎምፒክ፣ ቀላል ተጋጣሚ እንዲደርሳቸው ብለው ሆን ብለው ሊሸነፉ ሲሞክሩ ህዝብ የጮኸባቸውና የተባረሩት አራት ጥንዶች፣ ስምንት ሰው። ያኔ ቲቪ ላይ አይቼ "እፍረት የለሾች" ብያለሁ።

ከዛ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። አውቶብሱ ዳር ያዘና ቆመ፣ ከፊት ነጭ እንፋሎት ቡልቅ አለ፣ ውጪ ካፊያ ነው፣ ጨለማው ድቅድቅ። የራዲያተሩ ውሃ የሚሄድበት ጎማ ተቀዷል። ሾፌሩ እስኪበርድ ጠበቀና "ፕላስተር ያለው ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ ከቦርሳዋ ኦቨርግሪፕ አወጣች፣ ራኬት እጀታ ላይ የሚጠቀለለው። እኔም የኔን ጨመርኩ። እኔ የስልኬን መብራት ያዝኩ፣ እሷ ተንበርክካ ጠቀለለች፣ ልክ እንደ እጀታ፣ ከስር ጀምራ ሰያፍ እያደረገች፣ እየሳበች፣ እያንዳንዱን ዙር ባለፈው ዙር ላይ ትንሽ እየደረበች፣ መጨረሻውን በጥርሷ ቆርጣ። ሾፌሩ "አንቺ ሙያ አለሽ" አላት። ከላይ በሽቦ አሰረበትና ከጀሪካን ውሃ ሞልቶ ተነሳን፣ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበልን።

ሃያ ደቂቃ ሄደ። ከዛ ያው እንፋሎት። ከእጀታ ላብ ሌላ አይችልም ለካ።

ሾፌሩ ሌላ መኪና ደወለ፣ "እየመጣ ነው" አለ፣ "እየመጣ ነው" ማለት ሶስት ሰአት ተኩል ነው። መብራት ጠፋ፣ ህፃን አለቀሰ፣ አንዱ ከኋላ ገንዘቤን መልሱ እያለ ብቻውን ይከራከራል። ከፊታችን የተቀመጡት እናት ዞር ብለው "ስፖርተኞች ናችሁ ልጆቼ?" አሉን። አዎ እናቴ አልናቸው። እርስ በርስ ተጋጥመን እንደነበር ልጅቷ ነገረቻቸው። "ታዲያ ማን አሸነፈ?"

"እሷ ናት" አለች እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ። "በሁለት ነጥብ።"

እናትየው "እሰይ" ብለው ዞሩ። እኔ ከዛ በላይ አልቻልኩም።

"አንድ ነገር ልንገርሽ" አልኳት በቀስታ። "19 እኩል ላይ ያቺ ስማሽሽ... ነክታኝ ነበር።"

"የቷ?"

"ውጪ የተባለችው።"

ትንሽ አሰበች። "እኔ እኮ እሷን ረስቻታለሁ። እኔን ያንገበገበኝ ከሷ በፊት ያለችው ሰርቭ ናት፣ መረብ ላይ የቀረችው። ከአዳራሹ ከወጣሁ ጀምሮ እሷን ብቻ ነው የማስበው፣ ራሴን ስረግም ነው የዋልኩት።" ሳቅ አለች። ከዛ ሳቁ ቆመ። በጨለማ ውስጥም ቢሆን ሲቆም ይታወቃል። "ምንሽን ነው የነካችሽ?"

"ራኬቴን። ጫፉን።"

"ተሰምቶሽ ነበር?"

"አዎ።"

"እሺ" አለች።

እሺ ብቻ። አልሰደበችኝም። ሶስት ሰአት ሙሉ ንጹህ ሆና በራሷ ሰርቭ ብቻ የተናደደች ልጅ ነበረች፣ እኔ ለመተኛት ብዬ የኔን አንስቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። የእውነት ደግሞ ቀለል ብሎኝ ነበር፣ ይሄን መደበቅ አልችልም፣ ትከሻዬ ወርዶ ነበር። እሷ ኤርፎኗን ጆሮዋ ላይ ሰክታ አይኗን ጨፈነች። ስልኳ ከሞተ ቆይቷል፣ መጀመሪያ ሲበላሽብን ነው ባትሪው ያለቀው፣ እኔ ነኝ በመብራት የያዝኩላት።

ሌላው አውቶብስ ሲመጣ ሊነጋ ሲል ነው። ሰው እየተጋፋ ገባ፣ እኔ ኋላ እሷ ፊት ተቀመጥን። ከተማ ስንገባ ዝናቡ አቁሟል። ቦርሳ ሲወርድ አጠገቤ ቆማ የኔን አቀበለችኝ፣ ፎጣው ውስጥ ሜዳሊያዋ ድፍን ያለ ድምፅ አሰማች፣ ሰምታለች አልሰማችም እንጃ። "ደህና ግቢ" አለችኝና ሄደች፣ ቦርሳው ከሷ ይተልቃል።

ስልክ የተለዋወጥነው መንገድ ላይ ገና ስንስቅ ነው፣ ስለ ገመድ የምልክላት ነገር ነበር። ከትናንት በስቲያ ሌሊት 8 ሰአት ላይ መልእክት መጣ። ሰላምታ የለው ምን የለው።

"ነክታሻለች ቢባል እኮ 20 ለ19 እኔ እመራለሁ፣ ሰርቩም የኔ ነው። 20 ደግሞ ሙሉ ነው፣ ከቀኝ ነው የምሰርቨው። የሳትኩት ከግራ ነበር። ያን ቀን ከቀኝ አንድም ሰርቭ አልሳትኩም።"

ቁጭ ብዬ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። እውነቷን ነው፣ አልሳተችም። መልእክቱን ማንበቤንም አይታለች።